የትሬለር ፍሬን ኮንትሮለር፦ የትኛውን ልግዛ፣ እንዴትስ ላስተካክለው?

ሰሞኑን የሚደርሱን ጥያቄዎች በብዛት ስለ ትሬለር ናቸው። አሜሪካ ካለው ወገናችን ፒካፕ ገዝቶ መኪና የሚጭነው፣ ከኦክሽን (ከመኪና ጨረታ) የገዛውን ራሱ የሚጎትተው፣ የቡና ወይ የምግብ ትሬለር የከፈተው በዝቷል፣ ደስ ይላል። ግን ስለ ፍሬኑ የሚጠይቀን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትሬለሩን ገዝቶ፣ አንዳንዴም ጭኖ መንገድ ከወጣ በኋላ ነው የሚጽፍልን፣ ይሄ ያሳስበናል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለፍሬን ኮንትሮለር፣ ማለትም ከጎታቹ መኪና ሆኖ የትሬለሩን ፍሬን ለሚያዘው ዕቃ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። የ2016 ቶዮታ ተንድራ አለኝ፣ በቅርቡ ደግሞ ባለ ሁለት አክስል የመኪና መጫኛ ትሬለር ገዝቻለሁ፣ ጂቪደብሊውአሩ (ከነጭነቱ የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት) 7,000 ፓውንድ ነው። ከኦክሽን መኪና እያነሳሁ ማምጣት ነው ሀሳቤ። ኮንትሮለር ያስፈልግሃል ተብዬ ኦንላይን ሳይ አንዱ 60 ዶላር አንዱ 200 ዶላር፣ ሁሉም የሚሉት ያው ስለ ትሬለር ፍሬን ነው። ጓደኛዬ ርካሹን ግዛ ምንም ልዩነት የለውም ይለኛል። እውነቱን ነው? — ዳ. ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ ወንድሜ ልዩነትማ አለው፣ እሱም ሰፊ ነው። መጀመሪያ ግን ትሬለርህ ላይ ያለው ፍሬን ምን እንደሆነ እንይ፣ እሱ ከገባህ የትኛውን እንደምትገዛ ራስህ ትወስናለህ።

የትሬለርህን ጎማ ፈተህ ታምቡሩን ብታወጣው ከፍሬን ሸራዎቹ በታች በኩል ክንድ ላይ የተቀመጠች ማግኔት ታያለህ፣ ሁለት ቀጭን ሽቦ ከኋላዋ ወጥቷል። ኤሌክትሪክ ሲመጣላት የታምቡሩ የውስጥ ፊት ላይ ትለጠፋለች፣ ታምቡሩ እየዞረ ስለሆነ ይዟት ሊሄድ ይጎትታታል፣ እሷ ስትጎተት ክንዱን ታንቀሳቅሰዋለች፣ ክንዱ ደግሞ ሸራዎቹን ከፍቶ ታምቡሩ ላይ ይገፋቸዋል። በቃ ፍሬኑ ይሄ ነው። የፍሬን ዘይት የለውም፣ ከመኪናህ ፍሬን ጋር የሚያገናኘው ቱቦም የለም፣ ከመኪናህ የፍሬኑን ትዕዛዝ የምታመጣው አንዲት ሽቦ ናት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ። በሷ ላይ ብዙ ኤሌክትሪክ ከሄደ አጥብቆ ይይዛል፣ ትንሽ ከሄደ ለቀቅ አርጎ ይይዛል። የኮንትሮለሩ ስራ መቼ እና ስንት እንደሚልክ መወሰን ነው።

ርካሾቹ አብዛኞቹ ታይም ዲሌይድ የሚባሉት ናቸው። እነሱ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የፍሬን መብራትህ መብራቱን። ፔዳሉን ስትነካ ቆጠራ ይጀምሩና አንተ ያስቀመጥክላቸው ልክ እስኪደርሱ ኃይሉን ቀስ በቀስ ይጨምራሉ። ቀይ መብራት አይተህ በቀስታ ብትነካውም፣ ፊትህ ያለው መኪና በድንገት ቆሞ እስከ ወለሉ ብትረግጠውም ለነሱ ያው ነው፣ የሚልኩት አይለያይም። ስለዚህ ትራፊክ ውስጥ በቀስታ ስትቆም ትሬለሩ ከኋላ በድንገት ይጎትትሃል፣ የምር ሲያስፈልግህ ደግሞ ይዘገያል። ቀላል ትሬለር በዓመት አንዴ ለሚጎትት ሰው ይሄ ችግር ላይሆን ይችላል፣ አንተ ግን በየሳምንቱ መኪና ጭነህ ልትሄድ ነው።

ሁለተኛው ፕሮፖርሽናል ነው። ውስጡ ፍጥነት ሲቀንስ የሚያውቅ ሴንሰር አለው፣ መኪናህ ምን ያህል እየቆመ እንደሆነ ይለካና ለትሬለሩም በዛው ልክ ይልካል። በቀስታ ስትቆም በቀስታ፣ በኃይል ስትቆም በኃይል። ቴኮንሻ ፕሮዲጂ ፒ2 እና ፒ3፣ ከርት ትራይፍሌክስ፣ ሬድአርክ ቶው ፕሮ የሚባሉት እዚህ ውስጥ ናቸው። የኔ ምክር ግልጽ ነው፣ መኪና ለሚጭን ሰው ፕሮፖርሽናል ግዛ፣ ሌላውን እርሳው። በአንድ ሎድ የምታገኘውን አስበው፣ ከዛ የዋጋውን ልዩነት አስበው። እኔ በበኩሌ ስታየው ቁጥሩ በደንብ የሚነበብ፣ በእጅ የሚጫነው ማንሻ ደግሞ ሳታይ የምታገኘው ቢሆን እመርጣለሁ።

ስለ ማንሻው ልጨምርልህ፣ ሰው ትኩረት አይሰጠውም። እያንዳንዱ ኮንትሮለር ፔዳሉን ሳትነካ የትሬለሩን ፍሬን ብቻ የምትይዝበት ማንሻ ወይ ቁልፍ አለው። ትሬለሩ ከኋላ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ የሚያድንህ እሱ ነው፣ ነዳጁን ትለቃለህ፣ መሪውን ቀጥ አርገህ ትይዛለህ፣ የመኪናህን ፍሬን ሳትረግጥ ማንሻውን ብቻ ቀስ አርገህ ትገፋለህ፣ ትሬለሩ ወደ ኋላ ሲሳብ ራሱ ይቃናል። ስለዚህ ሲገጠም መሪ ይዘህ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ ጉልበትህ የሚነካው ቦታ ግን አይሁን። ፕሮፖርሽናሉ ሴንሰር ስላለው አብዛኛው ፊቱ ከመኪናው አቅጣጫ ጋር ቀጥ ብሎ ነው የሚገጠመው፣ መመሪያው ሳይፈቅድ ወደ ጎን አዙሮ የሚገጥም መካኒክ ካየህ አስቁመው።

ከመግዛትህ በፊት ግን ዳሽቦርድህን እይ፣ የ2016 ተንድራ ባለ 5.7 ሊትሩ ሞተር ከሆነ ኮንትሮለር ከፋብሪካ ተገጥሞለት ሊሆን ይችላል። ከሌለውም ጥሩው ነገር፣ ተንድራህ ቶው ፓኬጅ (ከፋብሪካ የመጣ የመጎተቻ ዝግጅት) ካለው ዳሽቦርዱ ስር ለኮንትሮለር የተዘጋጀ ሶኬት አለ፣ ለሱ የሚሆን አጭር ሽቦ ከነፕለጉ ይሸጣል፣ በአንድ በኩል ኮንትሮለሩ ላይ በአንድ በኩል ሶኬቱ ላይ ትሰካዋለህ፣ ምንም መቁረጥ መቀጠል የለም። አዳዲስ ፎርድ፣ ጂኤም እና ራም ፒካፖች ደግሞ ብዙዎቹ ከፋብሪካ የተገጠመ ኮንትሮለር ይዘው ይመጣሉ፣ ያለው ሰው በሱ ይጠቀም፣ ከመኪናው ፍሬን ሲስተም ጋር ስለሚነጋገር ሌላ ከመግዛት ይሻላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ትሬለርህ ስር ግባና እይ፣ ሁለቱም አክስል ላይ ፍሬን አለ? ባለ 7,000 ትሬለር ሆኖ ለማርከስ አንዱ አክስል ላይ ብቻ ፍሬን ያለው ይሸጣል። ሽቦ ወደ አራቱም ጎማ መሄዱን በዓይንህ አረጋግጥ። አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ኮንትሮለሩ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን ያለህ ግማሽ ፍሬን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዳላስ አካባቢ ነው የምኖረው፣ በራም 3500 ፒካፕ ጉዝኔክ (ፒካፑ ጭነት ሳጥን ውስጥ የሚታሰር ትልቅ ትሬለር) እየጎተትኩ መኪና እጭናለሁ። ዕድሜዬ ገፋ ስላለ አዲስ ነገር ቶሎ አይገባኝም ይሆናል፣ ግን ይሄ ነገር አስቸግሮኛል። ባዶዬን ስመለስ ፍሬን ስነካ የትሬለሩ ጎማ ይነክስና (መዞር ያቆምና) ይጮሃል፣ ጎማም እየበላብኝ ነው። ጭኜ ስሄድ ደግሞ ትሬለሩ ፍሬን ያለውም አይመስል፣ ይገፋኛል። ጌይኑን (ኮንትሮለሩ ለትሬለሩ ፍሬን የሚልከውን የኃይል ልክ) ስንት ላይ ባደርገው ይሻላል? አንዱ 6 ሌላው 8 ይሉኛል። — አንባቢያችሁ

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልን። ችግሩ እርስዎ ጋ አይደለም፣ ቁጥር የነገሩዎት ሰዎች ጋ ነው። 6ም ይሁን 8 የሌላ ሰው ጌይን ለርስዎ አይሰራም፣ ምክንያቱም ጌይን የሚወሰነው በርስዎ ትሬለር ክብደት፣ በሸራዎቹ ሁኔታ፣ በሽቦው ውፍረትና ርዝመት ነው። ደግሞም አንድ ቁጥር አይበቃዎትም፣ ባዶና ጭነት የተለያየ ነው፣ ቢያንስ ሁለት ቁጥር ያስፈልግዎታል።

እንዲህ ያድርጉ። ሰው የሌለበት ሰፊ፣ ደረቅና ደልዳላ አስፋልት ይፈልጉ፣ እሁድ ጠዋት የተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ ወይ ባዶ የኢንዱስትሪ መንገድ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነድተው ፍሬኑን ደጋግመው እየያዙ ያሙቁት፣ የቀዘቀዘ የኤሌክትሪክ ፍሬን ከሞቀው ይልቅ ደካማ ነው፣ ቀዝቅዞ እያለ ካስተካከሉት በኋላ ሲሞቅ ይነክስብዎታል። ከዛ ወደ 25 ማይል ፍጥነት ይግቡ፣ እግርዎን ከሁለቱም ፔዳል ያንሱ፣ ማንሻውን ሙሉ በሙሉ ይጫኑት። ትሬለሩ መኪናውን ወደ ኋላ ሲስበው ይሰማዎታል። ምንም ካልተሰማዎት ጌይኑን በትንሹ ከፍ አርገው ይድገሙት። እንደገና ከፍ፣ እንደገና ይድገሙት። መስኮቱን ከፍተው ይንዱ፣ ጎማ ሲነክስ ድምፁን ይሰማሉ፣ በመስታወትም ጭስ ያያሉ። ጎማው የነከሰበት ቦታ ሲደርሱ በትንሹ ይቀንሱት፣ ሳይነክስ አጥብቆ የሚይዝበት ቦታ፣ የርስዎ ቁጥር እሱ ነው። አሁን ፔዳሉን እየረገጡ አንድ ሁለት ጊዜ ይቁሙ፣ ትሬለሩ ከኋላ በድንገት የሚጎትትዎት ከሆነ ትንሽ ይቀንሱ፣ የሚገፋዎት ከሆነ ትንሽ ይጨምሩ፣ ትሬለር ኖሮም እንዳልነበረ አይነት ሲቆሙ ልክ ነው።

ይሄን ባዶውን አንዴ፣ ሙሉ ጭነው አንዴ ያድርጉት። ሁለቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ዳሽቦርዱ ላይ ይለጥፉት፣ ሎድ ባራገፉ ቁጥር ይቀይሩ። ዝናብና በረዶ ሲሆን ደግሞ ዝቅ ያድርጉት፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ቶሎ ይነክሳል። የተነከሰ ጎማ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ አንድ ቦታ ላይ ይላጫል፣ ጎማዎን የበላው ይሄ ነው።

ጭነው ጌይኑን እስከ መጨረሻው ከፍተውት እንኳ በደንብ የማይዝ ከሆነ ግን ጉዳዩ የኮንትሮለር መሆኑ ያበቃል፣ ትሬለሩ ጋ ይሂዱ። የትሬለር ታምቡር ፍሬን ሸራው ሲያልቅ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ብዙዎቹ ራሳቸውን አያስተካክሉም፣ ሰው ነው የሚያስተካክላቸው። ጎማውን በክሪክ አንስተው ከኋላ በኩል ባለችው ቀዳዳ ጥርሳም ማስተካከያውን በካቻቢቴ ያዞሩታል፣ ጎማው በእጅ መዞር እስኪያቅት ያጠብቁና መልሰው ያላሉታል፣ ሸራው ታምቡሩን ለስለስ አርጎ እየነካው በነፃ እስኪዞር። አክስል የሚሰራው ዴክስተር የሚለው አዲስ ፍሬን ከመጀመሪያው 200 ማይል በኋላ፣ ከዛ በየ3,000 ማይሉ ይስተካከል ነው። መንገድ ላይ የምናያቸው ሰዎች አብዛኛው ከገዙት ጀምሮ ነክተውት አያውቁም። ሸራ አስቀይረው ከሆነም አዲሱ ሸራ ታምቡሩ ላይ እስኪገጥም ጊዜ ይፈልጋል፣ ከ40 ማይል ወደ 20 እያወረዱ፣ በመሀሉ እያቀዘቀዙ 20 30 ጊዜ ያህል ይያዙት፣ ከዛ በኋላ ጌይኑን እንደገና ያስተካክሉ።

ቡስት የሚባል ነገርም ኮንትሮለርዎ ላይ ሊኖር ይችላል፣ ገና ፔዳሉን እንደነኩ ትሬለሩ ቀድሞ እንዲይዝ የሚያደርግ ነው። የጫነው ትሬለር ከመኪናው ሲከብድ ይጠቅማል፣ ባዶ ሲሆን ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ የቡና ትሬለር ልከፍት ነው፣ 14 ጫማ ነው፣ ሻጩ ባዶውን 3,200 ፓውንድ ነው ብሎኛል። መኪናዬ የ2021 ሃይላንደር ነው፣ የቤንዚኑ። ሂች (ትሬለር የሚታሰርበት መጎተቻ) አስገጥሜያለሁ፣ ለመብራት ጠፍጣፋዋ ባለ አራት ፕለግ አለችው። ባለቤቴ ለአጭር መንገድ ፍሬን ምናምን አያስፈልግም ይላል። እውነት ነው? — ሰ.

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ለባለቤትሽም በአክብሮት እንዲህ በይልን፣ ያስፈልጋል፣ ህጉም ያስገድዳል። ቨርጂኒያ ልክ እንደ ብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ትሬለር የራሱ ፍሬን ይኑረው ትላለች (ስቴት ከስቴት ይለያያል፣ ካሊፎርኒያ ለካምፕ ትሬለር 1,500 ላይ ነው የምትጀምረው፣ ቴክሳስ 4,500)። ያንቺ ባዶውን አልፎታል።

እኔን ግን ከኮንትሮለሩ በላይ ያሳሰበኝ ክብደቱ ነው። ሻጩ የነገረሽ ባዶውን ነው። ኤስፕሬሶ ማሽን፣ ፍሪጅ፣ ጀነሬተር፣ ጋዝ፣ መደርደሪያ ስትጨምሪ የት ይደርሳል? ውሃ ብቻውን ጋሎኑ ከ8 ፓውንድ በላይ ነው፣ 40 ጋሎን ብትሞዪ 330 ፓውንድ ተጨመረ ማለት ነው። የሃይላንደርሽ አቅም በትክክል ከተዘጋጀ 5,000 ፓውንድ ነው (ሃይብሪዱ 3,500 ብቻ ነው፣ ሌሎች አንባቢዎች ልብ በሉ)፣ 5,000 ማለት ደግሞ ትሬለሩ ከነሙሉ ዕቃው ነው። ስለዚህ ዕቃው ከገባ በኋላ ትራክ ስቶፕ ሄደሽ ካት ስኬል (የከባድ መኪና ሚዛን) ላይ አስመዝኚው፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከመገመት ያድንሻል። ውሃውን ደግሞ እዛው ስትደርሺ ሙዪው፣ ሞልተሽ አትጓዢ።

ወደ ሽቦው ስንመጣ፣ ባለ አራቷ ፕለግ መብራት ብቻ ነው የምታስተላልፈው፣ የፍሬን መስመር የላትም። ባለ ሰባት ፕለግ ማስገጠም አለብሽ፣ ከዛ ኮንትሮለር። ኮንትሮለሩ አራት ሽቦ አለው፣ ጥቁሩ ከባትሪ በሰርኪዩት ብሬከር በኩል ይመጣል፣ ነጩ ኔጋቲቭ ነው፣ ቀዩ የፍሬን መብራት ስዊች ላይ ይቀጠላል፣ ሰማያዊው ወደ ኋላ ሄዶ ሰባቱ ፕለግ ውስጥ ይገባል። ዳሽቦርድ ስር ሽቦ ቆርጦ መቀጠል ለማያውቅ ሰው የሚሰጥ ስራ አይደለም፣ ሂች የሚገጥም ቦታ ውሰጂው፣ ቀዩ የተሳሳተ ሽቦ ላይ ከገባ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

መኪናሽን ማስቆረጥ ካልፈለግሽ ከርት ኤኮ የሚባል አለ፣ ራሱ ሰባቱ ፕለግ ላይ ይሰካል፣ የምታስተካክዪው በስልክሽ ነው። ለመግጠም ቀላል ነው፣ በሌላ ሰው መኪና ለሚያስጎትትም ይመቻል። ግን እሱም ቢሆን ከባትሪ የሚመጣ መስመር ያለው ባለ ሰባት ፕለግ ይፈልጋል። በእጅ የሚጫነውም ስልኩ ላይ ስለሆነ ስልኩን ማቆሚያ ላይ አስቀምጪው፣ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ አይጠቅምሽም። አንድ ሰው ደግሞ መኪናሽ ባለ ሰባት ፕለግ ስላለው ኮንትሮለር አለው ቢልሽ አትመኚ፣ ፕለጉ መንገድ ነው እንጂ ኮንትሮለር አይደለም፣ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ዩሆል የመኪና መጫኛ ትሬለር ተከራይቼ ከአትላንታ ሻርሎት መኪና አመጣሁ፣ ማንም ኮንትሮለር አለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፣ ፍሬኑም ይሰራ ነበር። እንዴት ነው ነገሩ? — ሚ.

መልስ፦ እሱ ሰርጅ ብሬክ የሚባለው ነው፣ ኤሌክትሪክ አይደለም። አንተ ስትቆም ትሬለሩ ወደፊት ይገፋል፣ ኳሱን የሚይዘው አፍንጫው ወደ ውስጥ ይገባና የፍሬን ዘይት ይጫናል፣ ትሬለሩ በራሱ ግፊት ራሱን ይይዛል። ለዚህ ነው ለማንም መኪና የሚያከራዩት። ጉድለቱ አንተ ልትቆጣጠረው አትችልም፣ ሲወዛወዝ ለብቻው የምትይዝበት ማንሻ የለህም። የራስህን ትሬለር የምትገዛ ከሆነ የኤሌክትሪኩን እመርጥልሃለሁ።

ጥያቄ፦ ከቬይል ወደ ዴንቨር በአይ-70 መኪና ጭኜ ስወርድ ፍሬን ሸተተኝ፣ አቁሜ ሳይ ከትሬለሩ አንድ ጎማ ጭስ ነገር ነበር። ኮንትሮለሩ ተበላሽቶ ነው? — ከአይ-70 ተጓዥ

መልስ፦ አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ ኮንትሮለሩ አይመስለኝም፣ ኮንትሮለሩ ለሁሉም ጎማ እኩል ነው የሚልከው። ያ ጎማ ሸራው ከመጠን በላይ ተጠብቆ እየታሸ ነበር፣ ወይ ደግሞ ሌሎቹ አልሰሩም፣ እሱ ብቻውን ሁሉንም ተሸክሞ ነበር። ሁለተኛው የበለጠ ያስፈራኛል። ርካሽ የኢንፍራሬድ ሙቀት መለኪያ ግዛ፣ ትንሽ እየነዳህ ፍሬን ከያዝክ በኋላ ቁም፣ አራቱንም ጎማ መሀሉ ላይ ለካ (በእጅህ አትንካ)። ሶስቱ ቀዝቅዘው አንዱ ከጋለ የነዛ ማግኔቶች ወይ ሽቦዎች ችግር አለባቸው።

የቁልቁለቱን ነገር ግን በደንብ እንነጋገር፣ ኮሎራዶ ያላችሁ ወንድሞቻችን ብዙ ናችሁ። ከአይዘንሃወር ተነል፣ ከ11,000 ጫማ በላይ ካለው ከፍታ ማለት ነው፣ ተነስታችሁ እስከ ዴንቨር ረጅም መውረድ ነው፣ በመሀል ደልደል ይልና ሊያልቅ ነው ስትሉ እንደገና ይወርዳል። መውረድ ሳትጀምሩ በፊት ማርሽ ዝቅ አርጉ፣ ቶው ሃውል (ሲጎተት ማርሹን የሚያስተካክለውን ቁልፍ) አብሩ፣ ፍጥነቱን ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን ደግሞ እግር አሳርፎ ለረጅም ጊዜ ማሸት ሳይሆን ጠንከር አርጎ ይዞ ፍጥነቱን ማውረድ፣ ከዛ ሙሉ በሙሉ መልቀቅና እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሸራውም መያዝ ያቅተዋል፣ ያኔ ጌይን መጨመር ምንም አያመጣም። ከሸተታችሁ የሚቀጥለው መውጫ ላይ ውጡና አስቀዝቅዙ። ፍሬን ይዛችሁም አልቆምም ያለ እንደሆነ መንገዱ ዳር ያሉት የማምለጫ ራምፖች የተሰሩት ለዚህ ነው፣ ለፒካፕና ትሬለርም ይሆናሉ፣ አታፍሩ ግቡ።

ጥያቄ፦ ፕሮዲጂ ፒ2 ነው ያለኝ። መንገድ ላይ እየሄድኩ አንዳንዴ ኤን ሲ የሚል እያብለጨለጨ ይታያል፣ ከዛ ይጠፋል። ምን ማለት ነው? — ከላስ ቬጋስ

መልስ፦ ትሬለሩ አልተገናኘም እያለህ ነው። ያቺን ምልክት ባየህባት ሰዓት የትሬለር ፍሬን የለህም፣ ስለዚህ ነገ እሰራዋለሁ አትበል። በቅደም ተከተል እንዲህ ፈልገው፣ መጀመሪያ ሰባቱን ፕለግ ንቀለው፣ ውስጡ አረንጓዴ ወይ ነጭ ዝገት ካለ አጽዳው፣ የላላ ጥርስ ካለ አጥብቀው። ቀጥሎ የትሬለሩ ኔጋቲቭ፣ ነጩ ሽቦ ፍሬሙ ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈልገህ ቀለሙንና ዝገቱን ፍቀህ እንደገና እሰረው፣ ከምናየው ችግር አብዛኛው እዚህ ጋ ያልቃል። እሱም ካልሆነ አክስሉ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ በንዝረት ተልጦ ሊሆን ይችላል። ቴስተር ካለህ ሰማያዊው ላይ አምፔር ለካ፣ ማንሻውን ሙሉ ሲጫኑት ባለ 10 እና ባለ 12 ኢንች ፍሬን አንድ ማግኔት ወደ 3 አምፔር ይስባል፣ አራት ጎማ ካለህ 12 ገደማ ማግኘት አለብህ። 9 ካገኘህ አንዱ ሞቷል፣ 6 ካገኘህ ምናልባት አንድ አክስል በሙሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አዲስ አበባ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና አለው። ከዚህ ኮንትሮለር ልላክለት? — ከሲያትል

መልስ፦ አይጠቅመውም፣ ገንዘብህን አታጥፋ። የከባድ መኪና ተሳቢ በአየር ነው የሚይዘው፣ ፍሬኑ ከመኪናው በጎማ ቱቦ ይሄዳል፣ የኛ ኮንትሮለር የኤሌክትሪክ ማግኔት ላለው ትሬለር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ትሬለሬ ላይ ትንሽ ባትሪና ቀጭን ገመድ ያለው ሳጥን አለ። ገመዱን የት ነው የማስረው? እስካሁን ከሰንሰለቱ ጋር ነበር የማስረው። — ተ. ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ብሬክአዌይ ይባላል። ትሬለሩ ከኳሱ ቢወጣ፣ ሰንሰለቱም ቢበጠስ፣ ያ ገመድ ፒኑን ይነቅላል፣ ባትሪው ለማግኔቶቹ ሙሉ ኃይል ይሰጥና ትሬለሩን መንገድ ላይ ያቆመዋል። የፌዴራሉ ህግ ለንግድ መኪኖች ቢያንስ 15 ደቂቃ መያዝ አለበት ይላል። ከሰንሰለቱ ጋር አትሰረው፣ ሰንሰለቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ኳሱ ያለበት ተነቃይ ብረት ላይም አትሰረው፣ እሱ ራሱ ሊወጣ ይችላል። መኪናው ላይ የማይነቀል ቦታ፣ ሂቹ ራሱ ላይ ወይ ፍሬሙ ላይ ለብቻው እሰረው፣ ስትዞር እንዳይወጠር ትንሽ ላላ ይበል፣ መሬት ግን አይጎተት።

ባትሪውን ደግሞ ፈትሸው፣ ብዙ ሰው ትሬለሩን ሲገዛ ከመጣው ጋር ዓመታት ይሄዳል። ሰባቱን ፕለግ ንቀለው (ሳትነቅል ከሞከርክ ኮንትሮለሩን ልትጎዳው ትችላለህ)፣ ፒኑን ሳበው፣ ከዛ መኪናውን በቀስታ ወደፊት ንዳ። የትሬለሩ ጎማዎች ሲይዙ ሊሰማህ ይገባል። ዝም ብለው ከዞሩ ባትሪው ሞቷል ወይ ሽቦው ተቆርጧል፣ ሳይሰራ አትጎትት። እንደ ፓርኪንግ ፍሬን ተነቅሎ አይተው፣ ባትሪውንም ይጨርሳል ማግኔቶቹንም ያግላል። ሞክረህ ስትጨርስ ፒኑን ወዲያው መልሰህ እስከ ውስጥ ግፋው፣ ከዛ ፕለጉን ሰክተህ ኮንትሮለሩ ትሬለሩን ማየቱን አረጋግጥና ሂድ።